ጎረቤት ያወጣው ስም፦ ጀርመኖች ስለ ጀርመኖች የሚሉት ምን ያህል እውነት ነው?

(ፍራንክፈርት ውስጥ በተደረገ የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ጥቂት ቦታ ከመስተካከሉ በቀር እንደ ተነገረ የተጻፈ ነው።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚያ ኋላ ወንበር ላይ ሆናችሁ ስልካችሁን የምትነካኩ ልጆቻችንም ጭምር፤ እንደምን ዋላችሁ? ጤና ይስጥልኝ።

አዘጋጆቹ «ስለ ጀርመኖች ጠባይ ንገረን» ሲሉኝ «ስለ የትኞቹ ጀርመኖች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም። ይህ አገር አንድ መንግሥት የሆነው በ1871 ነው፤ ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ግዛት የራሱ ንጉሥ ወይም መስፍን ነበረው። ዛሬም አሥራ ስድስት ክልል ነው። እኛ ከውጭ መጥተን ሁሉንም በአንድ ከረጢት እንከታቸዋለን እንጂ፣ የሙኒክ ሰው ስለ በርሊን ሰው ሲያወራ ብትሰሙት ባሕር ማዶ ስላለ ሕዝብ የሚናገር ይመስላችኋል።

መቼም ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የትኛው የአገራችን ሰው ገንዘብ ይወዳል፣ የትኛውስ ነገር ያበዛል ብዬ ብጠይቅ የዚህ አዳራሽ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ደግሞ ኮቱን አንሥቶ ይወጣል። ስለዚህ አልጠይቅም። የሰው አገር ቀልድ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ማንም ሳይቀየም እስከ መጨረሻው መመርመር ይቻላል።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ስሙን የሚያወጣው ማን ነው? ሁለተኛ፣ የወጣው ስም ለምን ይገለባበጣል? ሦስተኛ፣ እውነት አለበት ወይ? ቅደም ተከተሉን ካዛባሁ ይቅር በሉኝ። ቡናውም እስኪፈላ ጊዜ አለን።

ከራሴ ልጀምር። በ1984 ለትምህርት ላይፕሲግ ስገባ ከጀርመንኛ የማውቀው ሰላምታና ቁጥር ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ለነፃ ትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን የመጣ ብዙ ሰው፣ ለውጭ ተማሪዎች ጀርመንኛ በሚያስተምረው በሄርደር ተቋም አልፏል፤ እዚህ አዳራሽም ውስጥ ሁለት ሦስት ፊት አያለሁ። በክፍል ውስጥ መምህራኑ የጠራ ጀርመንኛ አስተማሩን። እኔ ግን ቋንቋውን በእውነት የተማርኩት ከተማሪዎች ምግብ ቤት ሾርባ ከሚቀዱት እናቶች ነው። እነሱ ደግሞ የዛክሰን፣ ላይፕሲግ ያለችበት ክልል ሰዎች ናቸው። የዛክሰን ሰው አነጋገሩ ለስለስ ይላል፤ «ከ»ን «ገ»፣ «ተ»ን «ደ»፣ «ፐ»ን «በ» ያደርገዋል። እኔ ይህን ምን አውቄ! ጀርመንኛ ሁሉ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

የበርሊን ግንብ ፈረሰ፣ ምሥራቁና ምዕራቡ ተዋሐደ፣ እኔም በ1991 ሥራ ፍለጋ ወደ ሽቱትጋርት ወረድኩ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ቦታ ላይ አፌን ከፍቼ ራሴን ሳስተዋውቅ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። በልቤ «መጣ እንግዲህ፣ በቆዳዬ መሳቃቸው ነው» አልኩ። አልነበረም። አንዱ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አንተ እኮ ኦሲ ነህ!» አለኝ። ኦሲ ማለት የምሥራቅ ጀርመን ሰው ማለት ነው፤ ያውም በፍቅር የሚጠሩበት ስም አይደለም። አስቡት! እኔ የጎንደር ልጅ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ አልቃሻ፣ ሰነፍ፣ ሙዝ አይቶ የማያውቅ የምሥራቅ ሰው ተብዬ ተፈረጅኩ። እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር?

እነሱም በበኩላቸው ስም ነበራቸው። የምሥራቁ ሰው ምዕራቡን «ቤሰርቬሲ» ይለው ነበር፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ለማለት ነው። ቃሉ በ1991 በጀርመን የዓመቱ ቃል ተብሎ ተመርጧል። አንድ ከሆኑ ገና ዓመት ቢሆናቸው ነው፣ የዓመቱ ቃል ስድብ! ይህ ነገር በቀልድ ብቻ አልቀረም። በ2010 ሽቱትጋርት የሚገኘው የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት አንድ ክስ አይቶ ነበር። ከሳሿ የምሥራቅ በርሊን ተወላጅ ናት። የሥራ ማመልከቻዋ ሲመለስላት «ኦሲ» ተብሎ ተጽፎበት፣ አጠገቡ የመቀነስ ምልክት ተደርጎበት አገኘችው። ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ኦሲ የተለየ ብሔር ስላልሆነ በዘር መድልዎ ሕግ ካሳ አይገባትም አለ። ሕጉን ለሕግ ሰዎች እተዋለሁ። እኔን ያስገረመኝ ግን ወረቀቱ ላይ የተቀመጠችው ያቺ ትንሽ ሰረዝ ናት።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልምጣ። ስሙን የሚያወጣው ማን ነው? ጎረቤት ነው። ሁልጊዜ ጎረቤት ነው! የሩቅ ሰው ስም ለማውጣት አያውቀንምና።

የጀርመን ቀልድ የሰማችሁ ሁሉ የኦስትፍሪስላንድን ሰዎች ታውቃላችሁ፤ በሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ከሆላንድ አጠገብ፣ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ናቸው። በቀልዱ ሁሉ ሞኝ እነሱ ናቸው። ቀልዱ ከጥንት የመጣ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ቬስተርሽቴደ በምትባል ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በመጽሔታቸው ላይ ጀመሩት። ቬስተርሽቴደ የት ናት? አመርላንድ ውስጥ ናት፤ የኦስትፍሪስላንድ ድንበርተኛ። ልጆቹ የጎረቤት ልጆች በሆኑ የክፍል ጓደኞቻቸው ላይ ሊያሾፉ ጻፉት፣ ጥቂት ቆይቶ ከኪል እስከ ሙኒክ ያለ ሰው ሁሉ ይስቅበት ጀመር። የልጆች ተረብ የሕዝብ ጠባይ ተደርጎ ተቆጠረ ማለት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለም አባቶቻችን?

ኮሎኝና ዱስልዶርፍ በመካከላቸው ያለው ርቀት አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዱስልዶርፍ መጠጥ ቤት ገብታችሁ የኮሎኝን ቢራ ብታዝዙ አስተናጋጁ እንዴት እንደሚያያችሁ ሞክሩት፤ እኔን አትጥሩኝ እንጂ። ሁለቱም ወንዝ ዳር ናቸው፣ ሁለቱም በየዓመቱ ካርኒቫል ያከብራሉ፣ ለሩቅ ሰው መንትያ ናቸው። የኮሎኝ ሰው ግን ዱስልዶርፍን ጉረኛ ይላታል፣ የዱስልዶርፍ ሰው ኮሎኝን ዝርክርክ ይላታል። ጠባቸውን ሲቆጥሩ በ1288 ከተደረገው ከቮሪንገን ጦርነት ይጀምራሉ።

ባየርንስ፣ ባቫሪያ የሚባለው? ባየርን ሲባል እኛ የቆዳ ቁምጣ፣ ቢራ፣ የመዳብ ጥሩንባ ነው የሚታየን። ነገር ግን ሰሜኑ የባየርን ክፍል፣ ኑርንበርግና ቩርስቡርግ ያሉበት፣ ፍራንከን ነው። ፍራንከኖች ወደ ባየርን የተቀላቀሉት በናፖሊዮን ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ኑርንበርግ ላይ አንድን ሽማግሌ «እርስዎ ባቫሪያዊ ነዎት» ብዬ ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ሁለት መቶ ዓመት አልፏል እኮ! ያ የቆዳ ቁምጣም ቢሆን የተራራማው የደቡብ ገበሬ ልብስ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ የአሜሪካ ወታደር ባየርን ስለ ሰፈረ፣ አገሩ ሲመለስ «ጀርመን እንዲህ ነው» ብሎ አወራ። የተራራው ልብስ የጀርመን ሁሉ ልብስ ሆነ። የሃምቡርግ ሰው በዚህ ምን ያህል እንደሚበሳጭ ብታዩ!

ሁለተኛው ነጥቤ የበለጠ የምወደው ነው። ስሙ ይገለባበጣል። ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ስሙ ይገለባበጣል! የሚገለባበጠው ደግሞ ገንዘብና ሥልጣን ቦታ ሲለዋወጡ ነው።

ሽቫቦችን ውሰዱ፤ የሽቱትጋርት አካባቢ ሰዎችን። ዛሬ ሽቫብ ሲባል ምን ይባላል? ታታሪ፣ ቆጣቢ፣ መሐንዲስ። መርሴዲስና ፖርሸ በእጃቸው ነው። ክልላቸው ባደን-ቩርተምበርግ በ1999 «ከጠራ ጀርመንኛ በቀር ሁሉን እንችላለን» ብሎ ማስታወቂያ እስከ መለጠፍ ደርሷል። የጥንቱ ሽቫብ ግን በጀርመን ተረት ውስጥ ማን ነበር? ሞኙ! ሰባት ሽቫቦች አንድ ረጅም ጦር ለሰባት ይዘው ጥንቸል አይተው የሚንቀጠቀጡበት ተረት አለ። ሽቫብ ልብ የሚገዛው በአርባ ዓመቱ ነው ይባልም ነበር፤ ዛሬም አርባ የሞላው ሰው «የሽቫብ ዕድሜ ደረሰ» ይባላል። ታዲያ ያ ሞኝ ሕዝብ መቼ ሄዶ ይህ ብልህ ሕዝብ መጣ? ሕዝቡ ያው ነው። ፋብሪካው ነው የመጣው።

ዛክሰኖች ደግሞ በተቃራኒው ቁልቁል ወረዱ። ዛሬ ጀርመኖች የማይወዱት አነጋገር የቱ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የዛክሰን ነው ይላሉ፤ እኔም በሽቱትጋርት የተሳቀብኝ በእሱ ነው። ነገር ግን ማርቲን ሉተር መጽሐፍ ቅዱስን ሲተረጉም የዛክሰንን ቤተ መንግሥት የጽሕፈት ቋንቋ ነው የተከተለው። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዛክሰን ያለችው የማይሰን ከተማ አካባቢ ጀርመንኛ የጨዋ ሰው ቋንቋ፣ ምሳሌ የሚሆን ቋንቋ ነበር። ከዚያ ምን መጣ? መዲናዋ በርሊን የሆነችው የሰሜኗ መንግሥት፣ ፕሩሲያ መጣች። ዛክሰን ከ1756 እስከ 1763 በነበረው ጦርነት ተደቆሰች፤ በ1815 በቪየና ጉባኤ ከግዛቷ ከግማሽ በላይ ለፕሩሲያ ተሰጠ። የተሸነፈ ሰው አነጋገር አስቂኝ ይሆናል። ኋላም የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ቫልተር ኡልብሪሽት የላይፕሲግ ልጅ ነበሩ። በሰኔ 1961 «ግንብ ለመገንባት ያሰበ ማንም የለም» ያሉት በዚያው በለስላሳው አነጋገር ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ግንቡ ቆመ። ከዚያ በኋላ ምዕራቡ ያን ድምፅ በሰማ ቁጥር ማንን ያስታውስ?

ይህን የምለው ለላይፕሲግ አድልቼ ይሆናል፤ አልክድም። ግን ይህንንም ስሙኝ። ዛክሰኖች ፈሪ፣ ቤቱን የሚወድ፣ ለቡናና ለኬክ የሚሞት ሕዝብ ይባሉ ነበር። ጥቅምት 9 ቀን 1989 በላይፕሲግ ጎዳና ሰባ ሺህ የሚሆን ሰው ሻማ ይዞ ወጣ። ፖሊሱ ተሰልፏል፣ በየሆስፒታሉ ተጨማሪ ደም ተዘጋጅቷል ይባላል፤ ማንም በሰላም ወደ ቤቱ እንደሚመለስ አያውቅም። እኔ መስኮት ዘግቼ ቤት ተቀምጫለሁ፤ የውጭ ተማሪ ነኝና ፈራሁ። እነዚያ ሾርባ የሚቀዱልኝ እናቶች ግን ወጥተው ነበር።

ስለ ቡናቸው ካነሣሁ አንድ ነገር ልበል። ላይፕሲግ ከአውሮፓ ጥንታዊ ቡና ቤቶች አንዱ ይገኛል፤ ዛክሰኖችም ራሳቸውን የቡና ሕዝብ ይላሉ። ነገር ግን «የአበባ ቡና» የሚሉት አላቸው። ስሙን ሰምቼ ጥሩ መዓዛ ያለው መስሎኝ ነበር። ለካ ከመቅጠኑ የተነሣ በሲኒው ሥር የተሳለው አበባ ወለል ብሎ የሚታይ ቡና ነው! ይህ ፍረጃ እውነት ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ባየርንም እንዲሁ። ዛሬ ሀብታም ነው፣ ለድሃ ክልሎች ገንዘብ አዋጣለሁ ብሎ ያማርራል። ይኸው ባየርን ግን እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተደጓሚ ነበር፤ የገበሬ አገር ነበር። አውዲ የሚባለውን መኪና የባየርን ሥራ አድርገን እናውቀዋለን። የእሱ እናት ድርጅት ከጦርነቱ በፊት ዛክሰን ውስጥ፣ ኬምኒትስ በምትባል ከተማ ነበር የሚሠራው። ሶቪየቶች ሲገቡ ሰዎቹ እውቀታቸውን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፣ በ1949 ኢንጎልሽታት ላይ እንደገና ጀመሩ። ሲመንስም ዋና መሥሪያ ቤቱን ከበርሊን ወደ ሙኒክ አዛወረ። ታዲያ «ደቡቡ ታታሪ፣ ምሥራቁ ሰነፍ» ሲባል የማንን ታታሪነት ነው የምንቆጥረው?

እንግዲህ ሦስተኛው። እውነት አለበት ወይ?

አዎን፣ አለበት። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ቅር ልትሰኙ ትችላላችሁ፤ «ሰው ሁሉ አንድ ነው» ብዬ እንድጨርስ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ሽቱትጋርት ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ።

እዚያ በገባሁ በሳምንቱ በሬ ላይ የካርቶን ምልክት ተንጠልጥሎ አገኘሁ፤ «ኬርቮኸ» ይላል። ለእንግዳ የሚሰቀል ጌጥ መስሎኝ ተውኩት። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ምልክቱ የጽዳት ተራ መሆኑን፣ ደረጃውንና ደጁን መጥረግ የእኔ ግዳጅ መሆኑን ማን ይንገረኝ! ፊት ለፊቴ የሚኖሩት አሮጊት ዝም ብለው የእኔን ተራ ይጠርጉ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በሬን አንኳኩና አዲስ መጥረጊያ ሰጡኝ። ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት አልተነሣም፤ ረስተው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ ስጠርግ ከመስኮት ያዩኛል፤ አንድም ቀን «ጎበዝ» አላሉኝም። «ካልተሰደብክ ተመስግነሃል ማለት ነው» የሚባል አባባል አላቸው። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ ግን እኒያው አሮጊት ፖስታ ይዘው መጡ። ውስጡ በልጄ ስም የተከፈተ የባንክ ደብተር አለ፤ አንድ መቶ ማርክ ገብቶበታል። «እንዳትነኩት» አሉን። ቆጣቢ ናቸው? ናቸው። ንፉግ ናቸው? እናንተው ፍረዱ።

ይህ ቁጠባ ግን ከሰማይ አልወረደም። በቩርተምበርግ የአባት መሬት ለልጆች ሁሉ እኩል ይከፋፈል ነበር። ከትውልድ ትውልድ እየተሸነሸነ እርሻው የመሐረብ ያህል ሆነ። ስለዚህ ገበሬው ክረምቱን ሰዓት ይጠግናል፣ እንጨት ይቀርጻል፣ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ያ ጥበብ ነው ኋላ ፋብሪካ የሆነው። ደግሞ በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ በማግሥቱ ዓመት በጋ ሳይመጣ ቀረ፣ እህሉ በማሳው በሰበሰ። ቩርተምበርግ ተራበች። ንግሥት ካታሪና በ1818 ለድሆች የቁጠባ ባንክ አቋቋመች። የተራበ ሕዝብ ይቆጥባል፤ ይህን ለእኛ ማን ይነግረናል? የእኔ አያት ባዶ ጣሳ አትጥልም ነበር።

ረሃቡ ከተረሳ በኋላ ደግሞ ስሙ ለፖለቲካ ተፈለገ። በ2008 የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ አንጌላ ሜርክል ሽቱትጋርት ላይ ተናግረው ነበር፤ የሽቫብን የቤት እመቤት ብትጠይቁ ከአቅም በላይ ለዘለቄታ መኖር እንደማይቻል ትነግራችሁ ነበር አሉ። ሜርክል ሃምቡርግ ተወልደው ምሥራቅ ጀርመን ያደጉ ናቸው። ሽቫብነቱን የተዋሱት ንግግሩ እንዲሰምርላቸው ነው።

ተመራማሪዎችም ነገሩን ለክተውታል። በ2019 ከሰባ ሺህ በላይ ጀርመናውያን የመለሱት የጠባይ መጠይቅ በየአካባቢው ተከፋፍሎ ታትሟል። ልዩነት ተገኝቷል፤ ሰሜኑ በአማካይ ትንሽ ቁጥብ ነው፣ የትልልቅ ከተማ ሰው ለአዲስ ነገር ትንሽ ክፍት ነው። «ትንሽ» የሚለውን ሁለቴ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። መቶ የሃምቡርግና መቶ የኮሎኝ ሰው ቀላቅላችሁ እዚህ አዳራሽ ብታስቀምጡልኝ፣ አነጋገራቸውን ካልሰማሁ ለይቼ አላወጣቸውም። በሕይወቴ ካየሁት ሰው ሁሉ አፉ የማያርፈው የሃምቡርግ ሰው ነው፤ ከሃምቡርግ እስከ ሃኖቨር በባቡር አብረን ሄደን መስኮት ለማየት አልፈቀደልኝም።

ደግሞስ የየትኛው አካባቢ ደም ነው? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ አሥራ ሁለት ሚሊዮን የሚሆኑ ጀርመኖች ከምሥራቅ አውሮፓ ተፈናቅለው ወደዚህ ገቡ። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉት ባየርን ላይ ሰፈሩ። ዛሬ ቁምጣውን ታጥቆ «እኔ ባቫሪያዊ ነኝ» የሚለው ሰው አያቱ ከቦሂሚያ በሻንጣ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። እናንተ ልጆች፣ እዚህ ተወልዳችሁ በሄሰን አነጋገር የምትናገሩ፣ ኮምጣጣውን የፖም ጠጅ ያለ ስኳር የምትጠጡ፣ እናንተስ?

ቡናው ሸተተኝ። አንድ ታሪክ ነግሬአችሁ ልውረድ።

የኦስትፍሪስላንድን ሰዎች ሞኝ ይሏቸዋል ብያለሁ። የማይነገርላቸው ነገር በሻይ ላይ ያላቸው ሥርዓት ነው። በነፍስ ወከፍ በዓመት ሦስት መቶ ሊትር ያህል ሻይ ይጠጣሉ። በሲኒው ሥር ትልቅ የስኳር ድንጋይ ይቀመጣል፣ ትኩስ ሻይ ሲፈስበት ጠቅ ጠቅ እያለ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ክሬም በጠርዙ በኩል ይደረጋል። አይማሰልም! ለእንግዳ ደግሞ ከሦስት ሲኒ በታች ነውር ነው። ሦስት! አቦል፣ ቶና፣ በረካ እኮ ነው። ይህን ስሰማ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ እናቱ ቤት ይዞኝ ሄደ። እናትየው ቀዱልኝ፤ ጠጣሁ። ቀዱልኝ፤ ጠጣሁ። በረካውንም ጠጣሁና ሲኒዬን በአክብሮት አስቀመጥኩ። አራተኛ ቀዱልኝ። እንዴት እምቢ ልበል? የሰው እናት ናቸው። ጠጣሁ። አምስተኛ። ስድስተኛ። ልጃቸው ስልክ ሊያነጋግር ወጥቷል፣ የሚያድነኝ የለም። ለካ በቃኝ የሚባለው ማንኪያን ሲኒው ውስጥ በመክተት ነው። ማንኪያው ያለ ሥራ አጠገቤ ተቀምጧል፣ እኔ ላቤ ጠብ ጠብ ይላል፣ እሳቸው ደግሞ እንግዳ ሲኒ ባዶ አይታይም ብለው ይቀዳሉ። ዘጠነኛው ላይ ልጅየው ገባና ማንኪያውን አንሥቶ ከተተልኝ።

ከዓመታት በኋላ አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት ነርስ ለሥራ ወደዚያው መንደር ሄደች። ገና ቤት እንደ ገባች ትልቁን ማንቆርቆሪያ አመጡላት፤ «የእናንተ አገር ሰዎች ሻይ ላይ እንዴት እንደሆናችሁ እናውቃለን» አሏት።

አመሰግናለሁ።